ስለ ጠገራ ብር ሥዕልና ስለ መታመኑ

ገንዘብ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሥዕልና ጽሕፈት ያለበት ሥራ ነውና፣ እንደ መጽሐፍ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን። ለምርመራውም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የቆቦና የራያ ቆላ እናቶች ሲያጌጡበት የኖሩት ጠገራ ብር ይበቃናል።

ይህ ብር በአንድ ፊቱ የኦስትሪያዪቱን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ፣ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር ይዟል። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሳይለወጥ ሲታተም ኖረ። ነጋዴውም በራሳቸውና በትከሻቸው ጌጥ ላይ ያለውን ፈርጥ እየቆጠረ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የ1887 ዓ.ም. ቁጥር ይዞ በፓሪስ ያሳተሙት ብር ግን የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ዘውድ የጫነ አንበሳና የገዛ ፊደላችንን ይዟል። ክብደቱም እንደ ጠገራው 28 ግራም ያህል ነው፤ የብሩም ጥራት ተቀራራቢ ነው። ይሁን እንጂ ጠገራውን ከገበያ ሊያስለቅቀው አልቻለም።

አንዳንዶች ሕዝቡ የሚያየው ብሩን እንጂ ሥዕሉን አይደለም ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ብሩ የሚተካከል ከሆነ ሰው የለየው በመልኩ ነው። ገበሬው ጠገራውን የመረጠው ከምኒልክ ብር ይልቅ ውብ ሆኖ ስላገኘው ሳይሆን፣ አያቱ ያመኑት መልክ ስላልተለወጠበት ይመስለናል። የሥዕል ማማር አንድ ነገር ነው፤ መታመኑ ግን ሌላ ነው።

ሁለቱን ለማስማማት የጣሩትን ቀራጮች በአክሱም እናገኛለን። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ድረስ ገንዘብ አሳትመዋል። በኋለኛው ዘመን የወርቁ ጽሕፈት በግሪክኛ ሲቀጥል፣ ብሩና መዳቡ በግዕዝ ለአገሬው ይናገር ነበር። በአንዳንዱ ብር ላይም ዓይን እንዲያርፍበት በተፈለገው ስፍራ ወርቅ ተለብጦበታል። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበሉ ጊዜ ቀድሞ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ተተካ፤ አዋጅ ያልሰማ ሰው እንኳ የእጁን ገንዘብ አይቶ የዘመኑን መለወጥ ሊረዳ ይችል ነበር። ቀራጩ አንባቢውን አውቆ ሠርቷልና ሥራውን እናደንቃለን።

ጠገራው በ1937 ዓ.ም. ከሕጋዊ መገበያያነት ወጥቶ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። ለአንጥረኛ ተሸጦ በቀለጠ ቁጥር ግን የብሩ ዋጋ ሲተርፍ ሥዕሉ ይጠፋል። ስለዚህ የራያ መምህራን ተማሪዎቻቸው በየቤታቸው ያለውን ጠገራ አይተው መልኩንና ጽሕፈቱን በደብተራቸው እንዲያሰፍሩ ቢያደርጉ፣ ለአገር ታሪክ የማይናቅ አገልግሎት እንደሚሆን ልናሳስብ እንወዳለን።