ድርድርን በአኀዝ መመርመር

በታሪክ ክፍል ውስጥ ጦርነትና ድርድር ተከታትለው እንደሚመጡ አድርጎ ማስተማር የቆየ ልማድ ነው። በመጀመሪያ ውጊያው፣ ቀጥሎ ድሉ ወይም ሽንፈቱ፣ በመጨረሻም ውሉና የተፈረመበት ቀን ይነገራል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ኤሪክ ሚን እ.ኤ.አ. በ2025 ያሳተመው «ዎርድስ ኦፍ ዋር»፣ ማለትም «የጦርነት ቃላት» የተሰኘው መጽሐፍ ይህን ቅደም ተከተል የሚያፈርስ በመሆኑ የመምህራንን ትኩረት ይሻል።

ደራሲው ከ1816 ወዲህ በመንግሥታት መካከል የተካሄዱትን ጦርነቶች ወስዶ፣ ውጊያ የተደረገባቸውንና ተደራዳሪዎች የተገናኙባቸውን ዕለታት ጎን ለጎን መዝግቧል። ከዚህም ንግግር ሁልጊዜ የሰላም ፍላጎት ምልክት እንዳልሆነ ይረዳል። ተፋላሚዎች ፋታ ለማግኘት፣ ጦራቸውን መልሰው ለማደራጀት፣ ወይም እምቢተኛው ጠላት ነው ለማሰኘትም ይደራደራሉ። በተለይ ከ1945 በኋላ የውጭ ግፊት ስለ በረታ ሳይፈልጉ ለንግግር መቀመጥ በዝቷል።

የኮሪያው ጦርነት ለዚህ አብነት ነው። ድርድሩ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1951 በኬሶንግ ተጀምሮ ኋላ ወደ ፓንሙንጆም ተዛወረ፤ ስምምነቱ የተፈረመው ግን ጁላይ 27 ቀን 1953 ነበር። ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በሜይ 1951 ስለሆነ፣ ኢትዮጵያውያን በዚያ የተዋጉበት ዘመን አብዛኛው የድርድር ዘመን ነው። ስምምነቱን ከአንድ ዓመት በላይ ያዘገየው ዋና ጉዳይ የምርኮኞች አመላለስ ሲሆን፣ ከቃኘው ወታደሮች የተማረከ የለም። ተደራዳሪዎች ስለ ምርኮኞች ሲከራከሩ የእኛዎቹ በፖርክ ቾፕ ኮረብታ አካባቢ ይወድቁ ነበር። ይህን ሳይነግሩ ጀግንነቱን ብቻ ማስተማር ግማሽ ትምህርት ይመስለናል።

ሆኖም ዘዴው ድካም አለው። ደራሲው የኮሪያውን ቃለ ጉባኤ በኮምፒዩተር ለመመርመር በሚያመች መልክ አዘጋጅቶ ከጦር ሜዳው ውሎ ጋር ማነጻጸሩ የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የተነገረውን ነው። ኦገስት 10 ቀን 1951 የሁለቱ ወገን መልእክተኞች በወሰን መስመር ጥያቄ ሳይግባቡ፣ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ለ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ቆዩ። ለቃላት ቆጠራ ይህ ባዶ ጊዜ ነው፤ ለታሪክ አስተማሪ ግን ከብዙ ገጽ ንግግር ይበልጣል። የተደራዳሪው ቅንነትም ቢሆን ከሁኔታው ይገመታል እንጂ አይቆጠርም።

ዘዴውን በክፍል ለመሞከር ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰሌዳና ሁለት ዓምድ ይበቃል። ለምሳሌ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት የአልጀርሱ ንግግር እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ሳይሳካ ቀረ፤ ሜይ 12 ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ጁን 18 የተኩስ ማቆም ስምምነት፣ ዲሴምበር 12 ደግሞ የሰላሙ ስምምነት ተፈረመ። ተማሪዎች ቀናቱን በየዓምዱ ካሰፈሩ በኋላ፣ በመካከላቸው ባለው ክፍት ቦታ ምን እንደተደረገ ከመምህሩ ይልቅ ራሳቸው ይጠይቁ።