ሁሉም የኔ ያለው ኮምፒውተር

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ (በአጭሩ ቲአይ) ቲአይ-99/4ኤ የተሰኘውን የቤት ኮምፒውተር ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው በጁን 1981 በ525 ዶላር ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጥቁርና ብርማ ቀለም ያለው፣ ዓይን የሚገባ ዕቃ ነው። የቴክኒክ ዝርዝሩን ያነበበ ደግሞ ይበልጥ ይደነቃል፤ አፕል፣ አታሪና ኮሞዶር በባለ8 ቢት ፕሮሰሰር ሲሠሩ የቲአይ ማሽን ባለ16 ቢት ነው። አምራቹም ጋራዥ ውስጥ የተጠነሰሰ ጀማሪ ኩባንያ አልነበረም። ጃክ ኪልቢ በ1958 የተቀናጀ ሰርኪዩት ሠርቶ ያሳየው እዚያው ድርጅት ውስጥ ነው። ያም ሆኖ ኦክቶበር 28 ቀን 1983 ቲአይ ከቤት ኮምፒውተር ሥራ መውጣቱን አስታወቀ፤ ዓመቱንም በ145 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ዘጋ።

ውድቀቱ ሲተረክ ጎልቶ የሚወጣው የጃክ ትራሚየል በቀል ነው። ቲአይ ለኮሞዶር የካልኩሌተር ቺፕ ይሸጥ ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ራሱ ካልኩሌተር ሠርቶ ኮሞዶር ሊቋቋመው በማይችል ዋጋ ገበያውን አጥለቀለቀው። ለጥቂት የተረፈው የኮሞዶር አለቃ ትራሚየል በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለውን ቺፕ አምራች ገዛ፤ ከዓመታት በኋላም ቲአይን በዚያው በዋጋ ሰይፍ መልሶ መታው። ታሪኩ እውነትነት አለው፣ ለወሬም ይጣፍጣል። ማሽኑን ከፍቶ ውስጡን ለመረመረ ሰው ግን ትራሚየል የገጠመው አስቀድሞ የታመመ ባላጋራ ነው። ቲአይ ሁሉንም ነገር በራሱ እጅ ብቻ ማድረግ ፈለገ። ይህ ምኞት በንድፉም በንግዱም ውስጥ ስላለ ሁለቱን ነጥሎ መተቸት ያስቸግራል።

ከፕሮሰሰሩ እንጀምር። ቲኤምኤስ9900 ለሳሎን ታስቦ የተነደፈ አይደለም፤ 990 የተባሉትን የቲአይ ሚኒኮምፒውተሮች አሠራር በአንድ ቺፕ ላይ ያሳረፈ ነው። ሌሎች ፕሮሰሰሮች በሆዳቸው የሚይዟቸውን ሬጅስተሮች፣ ማለትም ለስሌት የሚያስፈልጉ ትንንሽ ማስቀመጫዎች፣ እሱ የሚያኖረው ውጭ፣ ሜሞሪ ላይ ነው። ስለዚህ ፈጣን ሜሞሪ ካላገኘ ይንቀረፈፋል። መሐንዲሶቹ የሰጡት 256 ባይት ነው። ኪሎባይት አላልኩም፤ ባይት። ሰፊው የ16 ቢት መንገድ የሚደርሰው እዚህች ቁራሽ ሜሞሪና በማሽኑ ውስጥ የተቀበረው ሮም (የማይቀየር ሜሞሪ) ጋ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በ8 ቢት መንገድ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ምልልስም ፕሮሰሰሩ ቆሞ ይጠብቃል።

ታዲያ ማስታወቂያው የሚያወራለት 16 ኪሎባይት የት አለ? የቪዲዮ ቺፑ ዘንድ ነው። ተጠቃሚው ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፈው ፕሮግራም የሚቀመጠው ለስክሪኑ ሥዕል ከተመደበው ሜሞሪ ጋር ተዳብሎ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ሜሞሪ በቀጥታ መንካት አይችልም፤ የሚፈልገውን አድራሻ በሁለት ባይት ከፍሎ ለቪዲዮ ቺፑ ይልካል፣ ከዚያ አንድ ባይት ይሰጠዋል። ቅመሟን ሁሉ ጎረቤት ቤት አስቀምጣ ለእያንዳንዷ ቁንጥር በር እያንኳኳች ወጥ የምትሠራ ባልትና አዋቂ ማለት ይህ ማሽን ነው። ሙያው አላት፤ ወጡ ግን አይደርስም።

ይህም አልበቃ ብሎ ቤዚኩ ራሱ የተጻፈው በፕሮሰሰሩ ቋንቋ ሳይሆን ጂፒኤል በተባለ የቲአይ የውስጥ ቋንቋ ነው። ጂፒኤልም በተራው አስተርጓሚ ይሻል። አንድ የቤዚክ መስመር ሥራ ላይ እስኪውል በሁለት አስተርጓሚ ያልፋል ማለት ነው። የጂፒኤል ፕሮግራም የሚኖረው ደግሞ ግሮም በተባለ፣ ባይት በባይት በሚነበብ ልዩ ቺፕ ላይ ነው። ለዚህ ምርጫ የሚቀርብ ምክንያት አለ፤ በጂፒኤል የተጻፈ ፕሮግራም ጥቂት ቦታ ይይዛል። ነገር ግን ግሮምን የሚያመርተው ቲአይ ብቻ ስለነበር፣ በግሮም ካርትሪጅ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚሰካ የፕሮግራም ማቀፊያ፣ ማውጣት የፈለገ ሁሉ የቲአይን ደጅ መጥናት ነበረበት። ፍጥነት ተሸጦ ቁጥጥር ተገዛ።

የዚህን ምርጫ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የከፈለው ማሽኑ የተሠራለት ልጅ ይመስለኛል። በኮሞዶርም ሆነ በአታሪ ቤዚክ ውስጥ ፒክና ፖክ የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ፤ አንዱ ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ያሳያል፣ ሌላው ይቀይረዋል። በእነዚህ እየቆፈሩ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ የተማሩት ብዙ ናቸው። ከቲአይ-99/4ኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ቤዚክ ሁለቱም የሉትም። ፕሮሰሰሩን በራሱ ቋንቋ በደንብ ማዘዝ የፈለገ ኤዲተር/አሴምብለር የተባለውን ጥቅል፣ ተጨማሪ 32 ኪሎባይት ሜሞሪና የዲስክ መሣሪያ መግዛት ነበረበት። ኮሞዶር በ1982 ለ64 ሞዴሉ ያሳተመው የፕሮግራመሮች መመሪያ መጽሐፍ ግን ከጀርባው የማሽኑን ሙሉ የሰርኪዩት ንድፍ አጥፎ ይዞ ነበር።

የቁልፍ ሰሌዳው ነገር በአጭሩ ይበቃል። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው ቲአይ-99/4 ካልኩሌተር የሚመስሉ ቁልፎች ነበሩት፤ በ4ኤ ይህ ተስተካከለ። የመደመር ምልክት የሚጻፈው የእኩል ምልክቱን ቁልፍ ከሺፍት ጋር በመጫን ነው። ያንኑ ቁልፍ ፋንክሽን ከሚባለው ጋር ከነኩት ግን ማሽኑ ሥራውን ሁሉ ጥሎ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል። ሳያስቀምጥ ለሁለት ሰዓት የጻፈ ሰው በአንዲት የጣት ስሕተት ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን ያጸደቀ መሐንዲስ በማሽኑ ላይ ረጅም ፕሮግራም ጽፎ አያውቅም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ዋጋውም ከመነሻው የተጣመመ ነው። ቲአይ-99/4 በ1,150 ዶላር የተሸጠው ሞኒተር በግድ ስለታከለበት ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ዕቃ የሬዲዮ ሞገድ እንዳይረብሽ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ ቲአይ ደንቡ እንዲላላለት ወተወተ፣ እስኪሳካ ግን ደንበኛው ሞኒተሩንም እንዲገዛ ተገደደ። ተጨማሪ መሣሪያዎቹም ከማሽኑ ቀኝ ጎን እየተሰኩ እንደ ባቡር ፉርጎ ይቀጣጠሉ ነበር፣ ብዙዎቹም የየራሳቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ነበራቸው። በ1982 እነዚህን የሚተካ ከባድ የብረት ሣጥን መጣ፤ ብዙ ሳይቆይ ሣጥኑ ብቻውን ከኮምፒውተሩ በላይ የሚያስከፍል ሆነ።

ማሽኑ በጎ ጎን የለውም ማለት ግን ግፍ ይሆናል። 32 ስፕራይቶችን፣ ማለትም ከጀርባው ሥዕል ተነጥለው የሚንቀሳቀሱ ምስሎችን፣ የሚያስተናግደው የቪዲዮ ቺፕ በጊዜው ግሩም ነበር። ኤክስቴንድድ ቤዚክ የተባለውን ካርትሪጅ ለገዛ ሰው አንድ ስፕራይት ፍጥነትና አቅጣጫ ከተሰጠው በኋላ ፕሮግራሙ ሌላ ሥራ ሲሠራ በራሱ ይጓዛል፤ እንዲህ ያለ ምቾት ሌላው ዘንድ በቀላሉ አይገኝም። በ1978 ከወጣው ስፒክ ኤንድ ስፔል ከተባለው መጫወቻ የተወረሰው የንግግር ጥበብ ማሽኑን ያናግረዋል። ፓርሴክ የተባለውን የጠፈር ጌም ከነድምፁ ለተጫወተ ሰው ቲአይ-99/4ኤ ቀርፋፋ ነው ብሎ ማሳመን ይከብዳል። ሎጎ የተሰኘውን የልጆች ቋንቋም ቲአይ ከኤምአይቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ወደ ቤት አስገብቷል። ሰዎቹ ችሎታ አላነሳቸውም።

የንግዱ ስሌት ኮምፒውተሩን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከካርትሪጁና ከተጨማሪ መሣሪያው መሰብሰብ ነበር። ይህ እንዲሠራ ካርትሪጁን የሚሸጠው ቲአይ ብቻ መሆን አለበት፤ ስለዚህ እንደ ሚልተን ብራድሊና ስኮት ፎርስማን ካሉት ኩባንያዎች ጋር በውል ሲሠራ ለሌላው በሩን ገርበብ አድርጎ ያዘ። በ1983 የወጡት የማሽኑ የመጨረሻ ቅጂዎች ጭራሽ ግሮም የሌለበትን የሌላ ኩባንያ ካርትሪጅ አልቀበልም እንዲሉ ተደረጉ። አታሪሶፍት ለዚሁ ማሽን ያወጣቸው ታዋቂ ጌሞች እነዚህ ቅጂዎች ላይ አይሠሩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጌሙን የፈለገ ሰው ጌሙ ወደሚገኝበት ኮምፒውተር ሄደ።

በዚያው ጊዜ ዋጋው እየተንከባለለ ነው። በ1982 መኸር ቲአይ ለገዢው 100 ዶላር ተመላሽ ሲሰጥ ማሽኑ ከ200 ዶላር በታች ገባ፤ ኮሞዶር ቪክ-20 በተባለው ኮምፒውተሩ ተከተለው፤ በ1983 አጋማሽ 4ኤ 99 ዶላር ደረሰ። በመሃል በትራንስፎርመሩ የኤሌክትሪክ አደጋ ሥጋት ምክንያት ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ ነበር። በዓመቱ ሁለተኛ ሩብ ብቻ ድርጅቱ 119 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ቁጥሩን ብቻ ላየ ማሽኑ አልተሸጠም ማለት አይቻልም፤ በጠቅላላው 2.8 ሚሊዮን ያህል ወጥቷል። ብዙ በተሸጠ ቁጥር ብዙ የሚከሰርበት ዕቃ ሆኖ ነው እንጂ። ቲአይ መውጣቱን ሲያስታውቅ ሱቆች የቀረውን በ49 ዶላር አራገፉት።

ኮሞዶርም እንደ ቲአይ ቺፑን በራሱ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉን በቤት መሥራት በራሱ ጥፋት አልነበረም። ልዩነቱ ትራሚየል 64ን ከ595 ዶላር ወደ 200 ገደማ ሲያወርድ ማንም ጌም ጽፎ እንዲሸጥለት መተዉ ነው። ሌሎች የጻፉት ሶፍትዌር ለማሽኑ ነፃ ማስታወቂያ ሆነለት።

የሚገርመው ቲአይ መክፈት የማያውቅ ድርጅት አለመሆኑ ነው። የቺፕ ክፍሉ ያንኑ የቪዲዮ ቺፕ ከነመመሪያው ለፈለገ ሁሉ ይሸጥ ነበር። በ1982 የወጣው ኮሌኮቪዥን የተባለው የጌም ማሽን የተሠራው በዚሁ የቺፕ ቤተሰብ ነው፤ በገና ገበያም ከቲአይ ኮምፒውተር ጎን መደርደሪያ ተሻማ። በ1983 ሶኒን የመሳሰሉ የጃፓን ፋብሪካዎች የተስማሙበት ኤምኤስኤክስ የተባለው የቤት ኮምፒውተር ደረጃም ይህንኑ ቺፕ መረጠ። በቴክሳስ ላቦክ የነበረው የቤት ኮምፒውተር ሥራ ከቆመ በኋላም እነዚያ ማሽኖች ለገበያ መውጣታቸውን ቀጠሉ።