ንፋስ በዓይን አይለካም

ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የሚቆም ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ሳይወርድ «ንፋስ እስኪ እየው» ይላል። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼም ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አድርገው «ደህና ነው» ብለው ይሸኙታል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። የዛሬ ራዲያል ጎማ ሙሉ ሆኖም ከታች በኩል ሆዱን ነፋ ያደርጋል፤ ከሚገባው ንፋስ ሩብ ያህሉን ቢያጣ ዓይን ልዩነቱን አይይዝም።

ጎማ መግጠም ለሚያየው የጉልበት ሥራ ነው። ጉልበት የሚበዛው ግን ዘዴው ሲጠፋ ነው። የቸርኬው መሀል ጎድጎድ ብሎ የተሠራው ለገጣሚው ተብሎ ነው፤ የጎማውን ጠርዝ በአንድ በኩል ወደዚያ ጎድጓዳ ተጭነው ካስገቡት በተቃራኒው በኩል ትርፍ ይገኛል፣ ማውለቂያው ብረትም ሳይታገል ያሻግረዋል። ይህን ያላወቀ ብረቱን በግድ ሲያጎብጥ በጠርዙ ውስጥ ያለውን ሽቦ ይጎዳል። ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው ደግሞ ያው ሽቦ ነው።

ከመግጠሜ በፊት ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ እፈትጋለሁ። ቱብለስ ጎማ ከመነዳሪ ስለሌለው ንፋሱን የሚያስቀረው የጠርዙና የብረቱ መግጠም ብቻ ነው። ዝገት ካለ ቀስ እያለ ይሾልካል፤ ባለመኪናው ግን ሚስማር ሲፈልግ ይከርማል። ጠርዙን የምቀባው የሳሙና ውኃ ነው። ዘይትና ግሪስ የሚቀቡ አሉ፤ ዘይት ላስቲኩን ይበላል፣ ስለማይደርቅም ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። ንፋስ ሲሞላ ሁለቱ ጠርዞች ቦታቸውን ሲይዙ «ጧ፣ ጧ» ይላሉ። 40 ፒኤስአይ ደርሶ ይህ ካልተሰማ ማስተንፈስና ሳሙናውን እንደገና መቀባት ነው እንጂ መጨመር ሰው ይገድላል። የጭነት መኪና ባለቀለበት ቸርኬ ከሁሉ ይከፋል፤ ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ከተሞላ እንደ ጥይት ይወረወራል። ረዳቶቼ ከቀለበቱ ፊት ቆመው እንዲሞሉ ፈጽሞ አልፈቅድም።

ስንት ይሞላ? በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ የመኪናው ልክ በሹፌሩ በር በኩል፣ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ምልክት ይገኛል። የጃፓን መኪኖች ብዙ ጊዜ በኪሎፓስካል ስለሚጽፉት ልብ የሚለው ጥቂት ነው። 220 የሚል ከሆነ በእኛ መለኪያ 32፣ 240 ከሆነ 35 ገደማ ማለት ነው። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ነው።

ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ የመጣ ሹፌር «በዝቷል፣ ቀንስልኝ» ቢለኝ አልቀንስም። ሙቀት የጨመረውን ካስወጣሁት ሲበርድ ጎዶሎ ይሆናል። ጎዶሎ ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፣ ክሩ ከላስቲኩ ይላቀቃል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። ጎማ የሚፈነዳው ንፋስ ሲበዛ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው የተቃጠለ ጎን ግን በአመዛኙ የንፋስ ማነስ ያመጣው ነው።

ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትም ይህንኑ ይጠይቁኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የውጪው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 14.7 ይደርሳል። መለኪያችን የሚያሳየው የውስጡንና የውጪውን ልዩነት ስለሆነ፣ እዚህ 32 የተሞላ የቤት መኪና ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ወደቡ ላይ ከ29 በታች ያሳያል። የቆላው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪው 1 ተኩል ያህል ይመልስለታል። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ስለሚሞላው ከመውረድ በፊት መቀነስ ስህተት ነው። እዚያ የሚያድር ሰው በማግስቱ ጠዋት ይለካ።

እባካችሁ፣ የንፋስ መለኪያ ገዝታችሁ መኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡ። በወር አንዴና ከረጅም መንገድ በፊት አራቱንም ጎማ ለኩ። እስኮርታውንም አትዝለሉት፤ ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ እስኮርታው ባዶ ሆኖ የሚያገኘው ሹፌር ብዙ ነው።