መሣሪያ እንዴት ይከርማል? የድምፅ ዕቃ አያያዝን መመዘኛ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ወራት ሠርግ ስለማይደገስ፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያለ ዕረፍት የሚሠሩት የሠርግ የድምፅ መሣሪያዎች፣ ማለትም ሚክሰሩ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሩና ገመድ አልባው ማይክ፣ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ሥራቸው ይቀዘቅዛል። ጾሙ ሐምሌ 5 ቢፈታም ዝናቡ ድንኳን አያስተክልም፤ ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ስለምትገባ፣ ብዙው ዕቃ እስከ መስከረም ድረስ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። የሙሽራ ልብስ በሚሸመትበት በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ላሉ አከራዮች የሚቀጥለው ዓመት ገቢ የሚወሰነው በእነዚህ ወራት አያያዝ ነው።

ሽሮ ሜዳ የሚገኝበት የአዲስ አበባው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ክፍለ ከተማው በእንጦጦ ተራራ ግርጌና ተዳፋት ላይ በመስፈሩ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ግማሽ ገደማው የሚወርደውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይሁንና መሣሪያን ይበልጥ የሚጎዳው በጣሪያ የሚያፈሰው ውኃ ሳይሆን፣ ማንም ሳያየው የሚያድረው ጤዛ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን ይቀንሳል። አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ተን ውስጥ በርግጥ የያዘው ድርሻ አንጻራዊ እርጥበት ይባላል፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 75 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር 15 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ተኑ ወደ ጠብታ ይለወጣል። በእንዲህ ያለ ሌሊት የቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ እንደ አክንባሎ ያልበዋል፤ የአምፕሊፋየሩ የብረት ሣጥንም እንዲሁ።

ስለዚህ ዕቃውን ለክረምት የሚያዘጋጅ ባለሙያ የጥሩ ሥራ መለኪያው ሽፋኑ አይደለም። አምፕሊፋየሩን በወፍራም ላስቲክ ደጋግሞ ጠቅልሎ በፕላስተር ያሸገ ሰው ጠንቃቃ ይመስላል፤ የውስጡ እርጥበት ሳይወጣ ከታሸገ ግን ላስቲኩ መከላከሉ ቀርቶ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ባለሙያው የሚታወቀው ከመሸፈኑ በፊት በሠራው ነው። ክዳኑ ሲከፈት በፋኑ ክንፎች ላይና ሙቀት በሚያስወጣው አሉሚኒየም መካከል ግራጫ አቧራ ተጋግሮ ከተገኘ፣ ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው፤ አቧራ እርጥበት ይመጥጣል፣ በቦርዱ ላይ በተሠሩት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች መካከልም ኤሌክትሪክ የሚሾልክበትን መንገድ ይከፍታል። ከሁሉ የሚያሳስበው ድግስ ላይ ለስላሳ ወይም ጠጅ የፈሰሰበት ሚክሰር ነው፤ ላዩ ተወልውሎ ቢያብረቀርቅም፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው በሚንሸራተትበት ስንጥቅ የገባው ስኳር ክረምቱን ሙሉ ከአየር ውኃ እየሳበ መገናኛዎቹን ይበላቸዋል። እንዲህ ያለው ሚክሰር ተፈትቶ፣ ቶሎ በሚተንና ቅሪት በማይተው አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ መጽዳት አለበት። በዚህ ፈንታ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት የሚረጭ ሰው ለጊዜው የሚክሰሩን ጩኸት ያስቆማል፤ የሚተወው ቅባት ግን አቧራ እየያዘ ችግሩን ለመስከረም ያቆየዋል።

መሣሪያው ከደረቀ በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ ይታያል። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠና ግድግዳ የተጠጋ ስፒከር በሻጋታ ይያዛል፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ መቀመጥ አለበት። ለሚክሰርና ለአምፕሊፋየር ከሁሉ የሚሻለው፣ ከታች 25 ዋት ባለ ክር አምፖል የሚበራበትና ከላይ ጠባብ መተንፈሻ ያለው የእንጨት ቁም ሣጥን ነው፤ አምፖሉ ከጨርቅና ከላስቲክ መራቁ መረጋገጥ አለበት። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ 15 ዲግሪ ሙቀትና 85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ የያዘው ውኃ ሳይቀነስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል። ብዙ ሙቀት የማይሰጠው ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ለማይክና ለትናንሽ ዕቃዎች ግጥም ብሎ የሚዘጋ ዕቃና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይበቃል፤ ሰማያዊው ዓይነት ወደ ሮዝ ሲለወጥ ስለሚጠግብ ማድረቅ ወይም መቀየር ያስፈልጋል። ሩዝ ወይም ጨው ማስቀመጥ ግን ሥራ አይባልም፤ ጨው አየሩ 75 በመቶ እርጥበት ሲያልፍ ራሱ ይሟሟል።

ባትሪ ለብቻው ይመረመራል። በገመድ አልባ ማይክ ውስጥ የተረሳ ደረቅ ባትሪ አልካሊ የሚባል ብረት የሚበላ ፈሳሽ ያፈስሳል፤ የባትሪ ቤቱ ሲከፈት ሽቦው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ከታየ የሌላው ሥራ ጥራትም ያጠራጥራል። ለጀነሬተር መነሻ የሚያገለግለው የ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.4 ቮልት ከመድረሱ በፊት ካልተሞላ በሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው የእርሳስ ሰልፌት አቅሙን ለዘለቄታው ይቀንሰዋል።

የክረምቱ መብረቅና የመብራት መቆራረጥ የሚጎዱት ሶኬት ላይ የተተወውን ዕቃ ስለሆነ፣ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱም፣ ካለም የማይክ መቀበያው የአንቴና ገመድ መነቀል አለባቸው። ቁም ሣጥን ከሌለ ሁሉንም መሣሪያ በየሁለት ሳምንቱ በስታቢላይዘር በኩል ለአንድ ሰዓት አብርቶ ማሞቅና ቀዝቅዞ ሳይጨርስ አለመሸፈን ያስፈልጋል፤ ይህን ያደረገ ባለሙያ የበራበትን ቀን ጽፎ ዕቃው ላይ ይለጥፋል። ዕቃውን ለክረምት ያስረከበ ባለንብረት ቀሪውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ወረቀቱን ያንብብ፤ ከዚያም በጣም የሚያምር ሽፋን የለበሰውን አንድ አምፕሊፋየር መርጦ ክዳኑን ያስፈታ።