የምንስቀው በማን ላይ ነው? (ስለ አንድሩ ሳክስ ማኑኤል)

ስለ ትወና ወሬ በተነሣ ቁጥር አብዛኞቻችን አፋችንን ሞልተን የምናወራው ስለ ትራጄዲ ነው። ሐምሌትን የተጫወተ «ተዋናይ» ይባላል፤ ትሪ ተሸክሞ የወደቀው ግን ያው «ቀልደኛ» ነው። ይሄ አስተያየት የተመልካች ስንፍና ነው እንላለን። ለማስረጃ የምናቀርበውም የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያፈራውን አንድ አስተናጋጅ፣ የ«ፎልቲ ታወርስ»ን ማኑኤልንና እሱን ሆኖ የተጫወተውን አንድሩ ሳክስን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላላየው ባጭሩ እንንገር። ድርሰቱ የጆን ክሊስና የኮኒ ቡዝ ነው። ቢቢሲ በ1975 ስድስት፣ በ1979 ደግሞ ስድስት ክፍል አሳየ፤ በጠቅላላው 12 ብቻ። ባዚል ፎልቲ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሆቴል አለው። ለበላዩ ያጎነብሳል፣ የበታቹን ይረግጣል። የበታቹ ደግሞ ማኑኤል ነው፤ ከባርሴሎና የመጣ፣ እንግሊዝኛ የማይገባው፣ በርካሽ የተቀጠረ። በጥፊ ይመታል፣ አናቱን በማንኪያ ይባላል፣ ተመልካቹም ይስቃል።

ክሱ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በሰው አገር እንጀራ ፍለጋ የገባን ሰው ቋንቋ አልቻለም ብሎ መሳቅ ነውር አይደለም ወይ? ክሱ ቀላል አይደለም። ተከታታዩ ለስፔን ተመልካች ሲተረጎም ማኑኤል «ፓኦሎ» ተብሎ ጣሊያናዊ ተደረገ፤ በካታላን ቋንቋ ሲቀርብ ደግሞ ሜክሲኳዊ ሆነ። የኛ ነው የሚለው ጠፋ ማለት ነው። ቀልዱ የሚያቆስለው ነገር ባይኖር ኖሮ ዜግነቱን መለወጥ ለምን ያስፈልግ ነበር?

ይሁን እንጂ ትወናውን ልብ ብለን እንይ። በመጀመሪያው ክፍል ባዚል በተሰባበረ ስፓኒሽ ያዘዋል። ማኑኤል አልገባህ ሲለው፣ እኔ የተማርኩት የጥንቱን የጠራ ስፓኒሽ ነው ብሎ ያርፈዋል። ታዲያ ቋንቋ ያልቻለው ማነው?

ከዚህ የባሰም አለ። በ1979 በታየ አንድ ክፍል ባዚል ከሚስቱ ተደብቆ በፈረስ እሽቅድምድም ይወራረድና ያሸንፋል። ምስጢሩ እንዳይወጣ ማኑኤልን «ምንም አላውቅም» በል እያለ ያስጠናዋል። ኋላ ግን ገንዘቡ የራሱ መሆኑን የሚመሰክርለት ሲፈልግ ማኑኤልን ይጠራል። ማኑኤልም ደረቱን ነፍቶ ምንም እንደማያውቅ ይመሰክራል! ሳክስ ይህን ሲጫወት ፊቱ ላይ የተንኮል ጠብታ የለም። ያለው ትእዛዙን አሳምሮ የፈጸመ ሰው ኩራት ነው። ጌትየው የተቀጣው በሎሌው ታዛዥነት ነው። አይኑን ጠቅሶን ቢሆን ኖሮ ማኑኤል ተራ ብልጣ ብልጥ ይሆን፣ ነገሩም ሁሉ ይበላሽ ነበር።

«አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?» ሲሏት ልጅቷ አፍ ያለውን መረጠች ይባላል። ማኑኤል አፍም ከብትም የለውም። ያለው ትጋቱ ብቻ ነው፤ ሳክስም የተጫወተው ትጋቱን ነው።

ጥበብን በደራሲ ወይም በተዋናይ የሕይወት ታሪክ መፍታት አንወድም። የሳክስ ታሪክ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። የተወለደው በ1930 በርሊን ውስጥ ነው። አባቱ አይሁዳዊ ስለነበሩ ቤተሰቡ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን ገባ። ልጁ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በማያውቁት ቋንቋ መካከል መቆም ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረውም። ማኑኤልን ሲሰጡት ስፔናዊ አነጋገሩ ስላሳሰበው፣ ጀርመናዊ ቢሆንስ ብሎ ጠይቆ እንደነበርም ይነገራል።

አወዳደቁም ቢሆን በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በ1958 ለንደን ውስጥ በብራያን ሪክስ ቡድን፣ ፋርስ በሚባለው የሩጫና የግርግር ኮሜዲ ሠልጥኗል። ዋጋም አስከፍሎታል። በአንድ ቀረጻ የክሊስ የብረት መጥበሻ አናቱን አሳምሞታል። ባዚል ጀርመናውያን እንግዶችን በሚያዋርድበት በ1975ቱ ክፍል ደግሞ፣ ለጭስ ተብሎ ልብሱ ላይ የተደረገ ኬሚካል ክንዱን አቃጥሎት ቢቢሲ 700 ፓውንድ ካሰው። እዚያ ክፍል ውስጥ የስፔን አሳላፊ ሆኖ የሚሯሯጠው ሰው የበርሊን ስደተኛ መሆኑን ስንቱ ተመልካች አስቦት ይሆን?

ነቀፌታ የለንም ማለት አይደለም። ደራሲዎቹ አንዳንዴ ማኑኤልን የሚያስመቱት ለመምታት ያህል ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ሳቁ ይረክሳል። የግል ኑሮም አልሰጡትም። በመጨረሻው ክፍል ብቻ የራሱ የሆነ የሚወደው ነገር እናያለን፤ ሃምስተር ነው ብሎ የሚያሳድጋት አይጥ። ስሟንም «ባዚል» ብሏታል። የፍቅሩ መግለጫ እንኳ የጌታው ስም ሆነ! ይህን ሳቅ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ቆሟል።

ሳክስ በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ «ዘ ሪቬንጅ» የተባለ፣ አንድም ቃል የማይነገርበት፣ በድምፅ ብቻ የሚሄድ ድራማ ራሱ ጽፎ ተጫውቷል። ሰው ያለ ንግግር ሙሉ ሰው ሊሆን እንደሚችል አጥብቆ የያዘው ሐሳብ ነበር ማለት ነው። በ2016 በ86 ዓመቱ ሲሞት አብዛኛው የሐዘን ጽሑፍ በማኑኤል ስም ጀመረ። ይህ አነሰው የሚል ካለ አንስማማም።

በእኛ እምነት ማኑኤል ላይ የሚስቅ ተመልካች ግማሹን ነው ያየው። በባዚል ላይ የሚስቀው ሙሉውን አይቷል። የተለየ አስተያየት ያለው በሚቀጥለው እትም ይሞግተን።