ጅማቱን የተከተለ ጉብጠት

ጤፉ ታጭዶ ማሳው ሲገለጥ፣ የታኅሣሥ ብርድ ከጮቄ ተራራ ሲወርድ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የልጆች ዓይን ከዛፍ ላይ አይነሳም። የሚፈልጉት ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ የገና ጨዋታ ኳስ የሆነው ሩር የሚመታበት ዱላ ደግሞ አስቀድሞ ተቆርጦ መድረቅ አለበት።

አምና የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ሊጫወት ስለነበር ዱላ ልገዛለት ገበያ ይዤው ወጣሁ። እሱ በቀጥታ የሄደው ወደሚያብረቀርቀው ነው፤ ቫርኒሽ የተቀባ፣ አንገቱ ላይ የነሐስ ቀለበት የገባበት። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲያ ያለውን መርጬ ነበር፤ ሁለተኛውን ምት ሳልጨርስ ከጉብጠቱ ላይ ለሁለት ተከፈለብኝ። እጁን ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩት። ከፊታቸው ጆንያ ላይ የተደረደሩት ዱላዎች ጌጥ የላቸውም፤ ዋጋቸውም የቀለበታሙን ግማሽ አይሞላም።

አንዱን አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ወይራ ነው። በቢላ የተላጠ ነው፤ የስለቱ አሻራ ከእጀታው እስከ አንገቱ በቀጭን በቀጭኑ ይወርዳል፤ የትም ቦታ ጠልቆ እንጨቱን አልበላውም። ቅርንጫፍ የነበረበት ጉጥ በአንድ ምት አልተጎረደም፤ ቀስ እየተባለ ተፍቆ ከገላው ጋር ገጥሟል። በአውራ ጣቴ ስዳስሰው እብጠቱ ይሰማኛል እንጂ አይቧጭረኝም። ወዙ የጭስና የቅቤ ነው፤ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ከርሟል። ሳይቸኩል ስለደረቀም ጫፉ ላይ አንድ ስንጥቅ የለበትም።

ከሁሉ የደነቀኝ ጉብጠቱ ነው። የእንጨቱ ጅማት ቀጥ ብሎ ይመጣና አንገቱ ጋ ሲደርስ አብሮ ይታጠፋል፤ እስከ ጫፉም ሳይቋረጥ ይሄዳል። ያጎበጠው ዛፉ ራሱ ነዋ! ከወፍራም ጣውላ ተጠርቦ የወጣ ቆልማማ ዱላ መልኩ ቢያምርም ጅማቱ መታጠፊያው ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ ጠንካራ ሩር ሲያርፍበት የሚሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው። አየርላንዳውያን ሀርሊንግ ለሚሉት ጨዋታቸው ዱላ የሚያወጡት አሽ ከሚባለው ዛፍ ግርጌ፣ ግንዱ ወደ ሥሩ ከሚሰፋበት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ጅማቱ ራሱ ታጥፎ ይገኛል። ባሕር ማዶ ያለው ጠራቢና የጎጃሙ ሽማግሌ ሳይተዋወቁ አንድ ሙያ ያውቃሉ።

ሽማግሌው ልጁን አቁመው ዱላውን አስያዙት። ሁለት ጊዜ ሲወዘውዝ አዩትና ከእጁ ተቀበሉት። «ወይራው ይከብድሃል ልጄ» አሉና ቀጠን ያለ የክትክታ ዱላ ሰጡት፤ ዋጋው ከወይራውም ያነሰ ነው። «ክንድህ ሲጠና ትመጣለህ።»

ለጀማሪ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ነገር ይኸው ነው፤ ያልተቆረጠ ጅማት፣ ደህና ድርቀት፣ ክንድ የሚችለው ክብደት። ቀለበት ምት አያጠነክርም። የሽማግሌው ዱላ የረከሰው ሥራው ስላነሰ አይደለም። ነሐስና ቫርኒሽ አልገዙም፤ ያፈሰሱበት ጫካ ውስጥ ትክክለኛውን ቅርንጫፍ የፈለጉበትን ቀንና እስኪደርቅ የታገሱትን ወራት ነው። እንዲህ ያለ ድካም ከላይ አይታይም፤ እጅ ግን ያገኘዋል።

በገና ማግስት ልጁ ዱላውን ይዞልኝ መጣ። ጫፉ በሩር ተቦዳድሷል፤ አፈር ገብቶበታል። ዱላውን ተቀብዬ ጉብጠቱ ላይ በአውራ ጣቴ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት፤ ጅማቱ እንዳለ ነው። መልሼ ስሰጠው ልጁ ማንም ሳያዘው ከእናቱ ቅቤ ለምኖ ቀባውና ከምድጃው በላይ ሰቀለው።