«የአቮጋድሮ ቁጥር»፤ ዘርፉና ባለቤቱ

በኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ በሰው ስም የሚጠሩ የሙያ ቃላት ብዙ ናቸው። የቦይል ሕግ፣ የቻርልስ ሕግ፣ የአቮጋድሮ ቁጥር እያልን ተምረናል። እነዚህን ስያሜዎች ወደ አማርኛ ስለ መመለስ ሲነሣ አንደኛው ወገን፣ የሰው ስም ስለ ነገሩ ምንም አይገልጽምና ገላጭ ቃል ይተካበት ይላል። ሌላው የአግኚው ክብር እንዳይነካ ስሙ እንዳለ ይወሰድ ይላል። እኔ ስሙ ይቆይ ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ምክንያታቸውን ግን አልቀበልም።

ስሙ የአግኚው ነው የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ጣሊያናዊው አሜዴኦ አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 ያቀረበው አሳብ፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው አንድ የሆነ፣ ይዘታቸውም እኩል የሆነ ጋዞች የሞለኪውሎቻቸው ብዛት እኩል ነው የሚል ነበር። ብዛቱ ስንት እንደሆነ አልተናገረም። በ1856 ሲሞትም ቁጥሩን የሚያውቅ አልነበረም። የሞለኪውልን መጠን ለመገመት ያስቻለውን ስሌት ያቀረበው ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሎሽሚት ነው፤ ይኸውም በ1865። ቁጥሩ በአቮጋድሮ ስም እንዲጠራ ያሳሰበው ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ፔራን በ1909 ነው። በጀርመንኛ መጻሕፍት ይኸው ቁጥር ለረጅም ጊዜ የሎሽሚት ቁጥር ሲባል ኖሯል። አቮጋድሮ እንግዲህ በስሙ የሚጠራውን ቁጥር አላገኘውም፤ አላየውምም።

ታዲያ «የ» እዚህ ላይ ምን ትሠራለች? የሰዋስው መምህራኖቻችን የተዉልን አጠራር የሚረዳን ይመስለኛል። በግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲባል ባለቤቱ «ቤት» ነው፤ «ንጉሥ» ዘርፍ ነው። ግዕዙ ባለቤቱን ያስቀድማል፤ አማርኛው ዘርፉን አስቀድሞ «የንጉሥ ቤት» ይላል። ቤቱ የንጉሡ ሆኖ ሳለ ንጉሡ ባለቤት አለመባሉ ለጀማሪ ተማሪ ግር ይላል። ለያዝነው ጉዳይ ግን ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አይገኝም። «የአቮጋድሮ ቁጥር» በሚለው ሐረግ ባለቤቱ ቁጥሩ ነው፤ አቮጋድሮ ዘርፍ ነው። «የዓድዋ ድል» ስንል ዓድዋ ድል አደረገች ማለታችን እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህችም «የ» ርስት አታወርስም።

ዘርፉ ማን እንደሚሆን የሚወስነውም ሁልጊዜ ሥራው አይደለም። የጋዝን ግፊትና ይዘት የሚያዛምደው ሕግ በእንግሊዞች ዘንድ የቦይል፣ በፈረንሳዮች ዘንድ የማሪዮት ነው። ቦይል በ1662 አሳትሞታል፤ ማሪዮት የጻፈው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛ «የቦይል» የምንለው ግን ሁለቱን መዝነን ሳይሆን በእንግሊዝኛ ስለተማርን ነው። ፈረንሳዊውን ሻርልን «ቻርልስ» ማለታችንም ከዚያው የመጣ ነው። የእሱን ሕግ በ1802 ያሳተመው ጌይ ሉሳክ ሲሆን፣ ሻርል ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሠርቶ ሳያሳትም የተወውን ሙከራ ያስታወሰለት ራሱ ጌይ ሉሳክ ነው። ባያስታውሰው ኖሮ ሻርልን በዚህ ሕግ ማን ያነሣው ነበር?

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሁሉ የሚጥመው የጋልየም ነገር ነው። ለኮክ ደ ቧቦድራን በ1875 ይህን ንጥረ ነገር አግኝቶ በአገሩ የላቲን ስም፣ በ«ጋሊያ» ሰየመው። በላቲን «ጋሉስ» አውራ ዶሮ ነው፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ አውራ ዶሮ «ለ ኮክ» ይባላል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ወዲያው ይነቃል፤ ሰሙ አገሩ፣ ወርቁ ራሱ! ሰዎች ይህንኑ ጠርጥረውት ነበር፤ እሱ ግን አስተባበለ። ቅኔ ይሁን አጋጣሚ አልፈርድም፤ ተናጋሪው ቢክደውም ኅብሩ ግን ከቃሉ አልወጣም። በገላጭ ቃል ብንተካው ይህ ሁሉ ይቀራል።

ስሙ ይቆይ የምለው ስለዚህ ነው፤ ስያሜው ክርክርና ፍርድ ይዟል። የዩራንየም አቶም መሰንጠቅ በታወቀበት ሥራ ሊዘ ማይትነር ትልቅ ድርሻ ነበራት፤ የ1944 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ግን የተሰጠው ለኦቶ ሃን ብቻ ነው። በ1997 ደግሞ 109ኛው ንጥረ ነገር በይፋ «ማይትነሪየም» ተባለ። ለ105ኛው ታስቦ የነበረው «ሃንየም» ቀርቶ «ዱብኒየም» ጸደቀ። 109ኛውን ያገኘችው ማይትነር አይደለችም፤ አግኚዎቹ ስሟን የሰጡት በ1968 ከሞተች በኋላ ነው።

ከመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስሙ መጀመሪያ በሚነሣበት ገጽ ሁለት መሥመር ይጨመርለት፤ ማን አሰበው፣ ማን ለካው፣ ማን ሰየመው።